እስኪገባኝ ንገሪኝ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ያረፉት አክስቴ ያልገባቸውን ሳይጠይቁ አያልፉም ነበር። እኔ ሐኪም ፊት አፍሬ ራሴን ብቻ እነቀንቃለሁ፤ አሁን የሚጠይቅልኝ የለም።

በስደት በምንኖርበት ሰንራይዝ ማነር በሚባል ሰፈር፣ ቤታችን ውስጥ ከሶፋ ሳስነሳቸው እጃቸው አመለጠኝና ምንጣፉ ላይ በቀስታ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ውስጥ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እሳቸው ግን ያ ሁሉ ሕመም ይዟቸው ሐኪሟን በአስተርጓሚ በኩል አላስወጣ አሏት።

«አምና በራጅ አንስታችሁኝ አጥንትዎ አልሳሳም ብላችሁኝ አልነበር? ታዲያ በዚህች መውደቅ ለምን ተሰበረ? እስኪገባኝ ንገሪኝ።»

«አልሳሳም። ግን ለዓመታት የቆየብዎት ስኳር ጥራቱን ጎድቶታል። እንደ ደረቀ እንጨት ነው፤ ወፍራም ቢሆንም ይሰበራል እንጂ አይለመጥም።»

ወደ ቀዶ ሕክምና ሲወስዷቸው አክስቴ ወደ አልጋቸው ጠሩኝ። ከቀዶ ሕክምናው አልነቁም፤ የመጨረሻ ቃላቸው ይህ ነበር።

«ሰማሽ ልጄ? የሰበረኝ እጅሽ አይደለም። በይ ሂጂ፣ ሺፍትሽ ይረፍድብሻል።»