በይርገዱ ጋቢ የተቀበረው

ይርገዱ በሠፈራችን የምትታወቀው በፈትሏና በአፏ ነበር። ፈትሏ ቀጭን፣ አፏ ወፍራም። "የፈተልኩትን ጋቢ ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ከመቶው መሐል አወጣዋለሁ" ትላለች፤ ደግሞ እውነቷን ነው። ጉዱ ሁሉ የመጣው ከዚሁ እውነት ነው።

ያደግሁት መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከእሷ አጥር ማዶ ነው። ከከተማው በታች ያለውን የተስቦ ሜዳ ዛሬ የሚያየው ሰው ተራ የግጦሽ መሬት ይመስለዋል። ገበሬ ማኅበሩ መሬት ሲደለድል ግን አንድም ሰው በሬውን ወደዚያ አልነዳም። ድሮ የአንድ ባላባት ከብት ይሰማራበት ነበር። በስልሳ ስድስት፣ ረሃቡ ሲጠና፣ ከየቆላው እየተጎተተ ለሚመጣው ሰው ከሜዳው ጥግ መጠለያ ተሠራለት። እህሉ ሳይደርስ ተስቦ ደረሰ። ሹማምንቱ "ረሃብ የለም" በሚሉበት ዘመን ተስቦ ገባ ብሎ የሚጮህ ከየት ይምጣ? ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ሬሳው ከነለበሰው በቃሬዛ ይወጣል፤ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይደረደራል፤ አፈር ይመለስበታል። ማጠብ የለም፣ መገነዝ የለም፣ ፊት መግለጥም ክልክል ነው።

ቸኮል የይርገዱ አንድ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ጡት አልጣለም ነበርና ያሳደገችው እሷ ናት። የሰው መሬት እያረሰ የሚኖር ጭሰኛ ነበር፤ ዝናቡ ሲቀርና በሬው ሲሞት "የእህቴን ጉሮሮ አልሻማም" ብሎ በቀጥታ መጠለያው ገባ። እሷም ለራሷ ልትለብሰው የፈተለችውን ጋቢ ይዛ ሄዳ በአጥሩ ቀዳዳ አቀበለችው።

"ለማንም እንዳትሰጥ! ብትሰጥ አልምርህም፤ አውቅሃለሁ፣ አንተ እጅህ አይጨበጥም" አለችው።

ተስቦው ከገባ በኋላ ዘበኞቹ ሰው ከአጥሩ አላስጠጋ አሉ። ይርገዱ ግን በየጠዋቱ እየሄደች ከሩቅ ትቆማለች። አንድ ቀን ቃሬዛ ሲወጣ ጋቢዋን አየችው። ጮኸች። ዘበኛው ሊይዛት ሲል አምልጣው ሮጠች፤ ጨርቁን በጣቶቿ ዳሰሰችው። የእሷ ፈትል ነው። "ፊቱን ልየው" ብላ ለመነች።

"ከገለጥሽው አንቺም ጉድጓዱ ውስጥ ነሽ" አላት ዘበኛው።

"እንግዲያስ ወንድሜን ከማላውቀው ሰው ጋር አትቀላቅሉብኝ!" ብላ ቃሬዛው ፊት ተዘረረች። ተሸካሚዎቹ ደክሟቸውም፣ አዝነውላትም ይሆናል፣ ለብቻው አስቀመጡላት። ሁለት ጎረቤቶች ቆፈሩ። ቄስ አሻግሬ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ከራቅ ብለው ፈቱት። ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ እንደ ክርስቲያን ተቀበረ። ከዚያ ሁሉ ሰው ለብቻው የተቀበረ፣ ድንጋይ የቆመለት እሱ ብቻ ነው። አርባውን በአንድ ቁና የሽንብራ ንፍሮ አወጣች። ከዚያ ወዲህ በየሰንበቱ ከቅዳሴ ስትመለስ እዚያ ሄዳ ሙሾ ሳታወርድ ቤቷ አትገባም ነበር። ሙሾዋ ያስለቅስ ነበር፤ እናቴ ማድ ቤት ሆና ትሰማትና እንባዋን ታብሳለች።

መሬት ላራሹ በታወጀበት ዓመት፣ በግንቦት፣ ይርገዱ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ስትፈትል አንድ የጠቆረ ሰው በሯን ገፍቶ ገባ። እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ።

"በስመ አብ! በስመ አብ ብያለሁ!" ብላ ድንጋይ አንስታ ወረወረችበት። ቅልጥሙን አገኘችው።

"ኧረ ይርግዬ! እኔ ነኝ፣ ቸኮል ነኝ!" እያለ በአንድ እግሩ ዘለለ። ደሙ ሲወርድ አየች። የሞተ ሰው ደም የለውም። ያን ጊዜ ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። የሠፈሩ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ እልልታው ቀለጠ። ቸኮል አፋር አገር ጥጥ ሲለቅም ከርሞ፣ ጭሰኛ መሬት አገኘ ሲባል በሬዲዮ ሰምቶ ነው የመጣው። "አንተን እንኳ ማኅበሩ አይመዘግብህም፤ የሙት መሬቱ ከመሬት በታች ነው" ብሎ አንዱ ቀለደበት። ተሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

ይርገዱ ግን ባዶ ትከሻውን አየች።

"ጋቢዬስ?" አለችው።

"ለሰይድ ሰጠሁት። እንዳትቆጪ።"

"የቱ ሰይድ?"

"አጠገቤ ተኝቶ የነበረ የከላላ ልጅ ነው። ትኩሳቱ ዳቦ አላስበላ አለው፤ ብርዱ ግን ያንቀጠቅጠዋል። 'ዳቦዬን እንካ፣ ጋቢህን አልብሰኝ' አለኝ። በሱ ዳቦ ነው እግር ያወጣሁት። ለጥጥ ለቀማ ሰው ሲጭኑ አብሬ ተሳፈርኩ። 'ሲሻልህ ጋቢውን ለእህቴ አድርስልኝ' ብዬ ቤትሽን ነግሬዋለሁ።" ዞር ዞር ብሎ አየን። "ምነው፣ አልመጣም እንዴ?"

እልልታው ቀጥ አለ።

"ቀበርኩት" አለች ይርገዱ።

ቸኮል እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ቄስ አሻግሬ ዘንድ ሮጠች። "አባ፣ የፈቱት እስላም ነው! ምን በደልኩ? ሰውየውን ምን አደረግሁት?" ቄሱ ደነገጡ። "አላወቅንም፤ እግዜር ግን ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ይልቅ የሰውየው እናት ዛሬም በር በሩን እያየች ይሆናል" አሏት። ይህች ቃል እንቅልፍ ነሳቻት። እሷ የማንን እንባ ስታፈስ እንደኖረች አሰበች። እናቱ ደግሞ አንድ ጠብታ እንኳ አላፈሰሰችም። ቸኮል "ዳቦውን በልቼ በምን ፊት እናቱን አያለሁ" ብሎ አልሄድም ሲል፣ "በዳቦው ያገኘኸው እግር ነው፤ ሂድበት!" አለችው። ከላላ በእግር ወረዱ።

ሲመሽ መንደሩ ደረሱ፤ ሰይድ ለቸኮል በነገረው ምልክት ቤቱን አግኝተው አንኳኩና "የሰይድን እናት" ብለው ጠየቁ።

"እኔ ነኝ፤ ሩቂያ እባላለሁ። ግቡ፣ ግቡ፤ መንገደኛ በር ላይ አይቆምም" አለች ያች ሴት። ከየት መጣችሁ፣ ምን ፈለጋችሁ አላለችም። ለእንግዳ መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ እህል፤ ጥያቄው ኋላ ነው። መርዶ ደግሞ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው እንጂ ሲመሽ በእንግዳ አፍ አይነገርም። ይርገዱ ሰበብ ፈጥራ ወጣ ብላ ለጎረቤቱ ለሼህ እንድሪስ በጆሯቸው ነገረቻቸው። እሳቸውም "እስኪነጋ ቻይው፣ ልጄ" አሏት።

ተመልሳ ስትገባ ሩቂያ ሥጋዋን እንደማይበሉ ታውቃለችና ዳቦና እርጎ አቅርባላቸዋለች። "ብሉልኝ" አለች። "የኔም ልጅ በሰው አገር ነው። እኔ እዚህ እንግዳ ሳጎርስ፣ እዚያ ደግሞ አንዱ እሱን ያጎርሰዋል፤ አላህ እንደዚህ ነው የሚያደርሰው።" ቸኮል የቆረሰው ዳቦ አፉ ውስጥ ቀረ። ይርገዱ በክርኗ ጎሸመችው፤ ዋጠው።

ሲነጋ ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ቆሙ። ሩቂያ አየቻቸው፤ ከዚያ ዞራ ይርገዱን አየቻት።

"ትናንት ስትገቡ ታውቁ ነበር?"

"እናውቅ ነበር፣ እናቴ።"

ሩቂያ አልጮኸችም። "ታጥቧል? ተከፍኗል?" አለች።

ይርገዱ ያን አፏን ይዛ መዋሸት ትችል ነበር። አልዋሸችም። አልታጠበም፤ የተቀበረው በጋቢዋ ነው፤ የፈታው ቄስ ነው፤ ፊቱም ወደ ቂብላ አልዞረም። ወንድሟ መስሏት ነው። ሽማግሌዎቹ ተጉረመረሙ። ሼህ እንድሪስ እጃቸውን አነሡ፦ "በወረርሽኝ የሞተ ሸሂድ ነው፣ ሰማዕት ነው፤ ያልታጠበውን አላህ ያጥበዋል። መቃብሩም አይከፈትም። አብሽሪ ሩቂያ።"

"ውሰዱኝ" አለች ሩቂያ።

ተስቦ ሜዳ ሲደርሱ እኛም የሠፈሩ ሰዎች ወርደን ቆመን ነበር። ከዚያ ሁሉ ሜዳ አንዲት ድንጋይ ብቻ ናት የቆመችው። ሩቂያ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ አፈሩን በመዳፏ ደለደለች። አብረዋት የመጡት ሼህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ሩቂያ ቀና ብላ፦

"ምን እያልሽ ነበር የምታለቅሺለት?" ብላ ጠየቀች።

"ቸኮል፣ ወንድሜ እያልኩ።"

ሩቂያ ቸኮልን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "እሱማ ይኸው ቆሟል። ልጄ ይህን ሁሉ ጊዜ በሰው ስም ነው የተለቀሰለት። እስቲ በስሙ ጥሪልኝ፤ እኔ ድምፄ አልወጣ አለኝ።"

ይርገዱ ሄዳ ድንጋዩ አጠገብ ቆመች። ሩቂያ እጇን ያዘቻት። ከዚያ ይርገዱ ነጠላዋን አደገደገችና "ሰይድ! ወንድሜ ሰይድ!" ብላ ጮኸች። በየሰንበቱ የምናውቀውን ያንኑ ሙሾ፣ ስሙን ብቻ ለውጣ፣ ከመጀመሪያው ጀመረችው። ቸኮል ከጎናችን ቆሞ የራሱን ልቅሶ እስከ መጨረሻው ሰማ።