አሥራ አንድ ዓመት ስልሳ ሁለት

ከተማው ጋሽ ኩሽኔታ እያለ ይጠራዋል። የመዝገብ ስሙን የሚያውቁት ደመወዝ ከፋዩና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ እሷም ካልተናደደች አትጠራበትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወንዙ ዳር ባለችው የመንግሥት መብራት ማመንጫ ተረኛ ሆኖ ሠርቷል። ሥራው ባጭሩ ይህ ነው፤ ውኃው ተርባይኑን ያዞራል፣ የተርባይኑ ዘንግ ኩሽኔታ ላይ ይሽከረከራል፣ ኩሽኔታው ከጋለ ማሽኑ ይቆማል፣ ከተማው ይጨልማል። ስለዚህ ኩሽኔታው እንዳይግል ይጠብቃል፤ በየሰዓቱም ሙቀቱን ከጌጁ አንብቦ መዝገብ ላይ ያሰፍራል።

ጌጁ ግን ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ቀስቱ ስልሳ ሁለት ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ማሽኑ ቢቆምም ስልሳ ሁለት፣ ቢነድም ስልሳ ሁለት።

ጋሽ ኩሽኔታን ይህ አልቸገረውም። መዳፉን የኩሽኔታው ሽፋን ላይ ያሳርፍና ይቆጥራል። እስከ አምስት ካስቻለው ሰላም ነው፤ ሦስት ላይ ከሸሸ ግሪስ ይጨምራል፤ ሁለት ላይ ከሸሸ የውኃውን በር ጠበብ አድርጎ ጭነት ይቀንሳል። ልማዱ ቤት ድረስ ተከትሎት ገብቷል። አንድ ጊዜ ሚስቱ ሲያተኩሳት ግንባሯን ዳሰሰና፣ «ሠላሳ ዘጠኝ፤ ግሪስ እንጂ ሐኪም አያስፈልግሽም» አላት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ስትለካት ልክ ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ሚስቱ ግሪሱን እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

ጌጁ የሞተ ሰሞን መዳፉ የነገረውን እውነት፣ «ሰባ» ብሎ መዝግቦ ነበር። በሳምንቱ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣ፤ «ከመሣሪያው ንባብ ውጪ የመዘገቡበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያስረዱ።» ጌጁ የመንግሥት ንብረት ነው፤ የእሱ መዳፍ ግን ንብረት ክፍል አልተመዘገበም። ከዚያ ወዲህ መዝገቡን ለመንግሥት፣ መዳፉን ለማሽኑ ሰጠ። አራቱ ባልደረቦቹም ከእሱ ተማሩ። በየዓመቱ አዲስ ጌጅ እንዲገዛ ይጽፋል፤ በየዓመቱ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ ይመጣል።

እንዲያም ሆኖ መንግሥትን ሲነኩበት አይወድም። ይህን ሁሉ የሚከራከረው ፀጉር አስተካካይ ከሆነው ከሚስቱ ወንድም ጋር፣ ፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ፀጉር አስተካካዩ የግል ሰው ነው፤ ሱቁ የግሉ፣ ወንበሩ የግሉ፣ ሐሳቡም የግሉ።

«ጋሼ፣ ባለቤት የሌለው ነገር አያድግም። ማመንጫውን ለነጋዴ ይስጡትና መብራት እንዴት እንደሚበራ ታያለህ!»

«ወንዙንስ ነጋዴ ወልዶታል? የሁሉም የሆነ ነገር ለአንድ ሰው...»

«ቀና በል፣ እንዳልቆርጥህ።»

ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ጋሽ ኩሽኔታ ለግል ዘርፍ ልቡ ይራራል። ጉንጩ ላይ ሲወጣ ደግሞ ወደ መንግሥት ይመለሳል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ማመንጫው ለአንድ ኩባንያ ተሸጠ። ኩባንያው አንዲት ቀልጣፋ ኢንጂነር ላከ። መዝገቦቹን ከመደርደሪያ አውርዳ ሦስት ቀን አነበበች። በአራተኛው ቀን ጠራችው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ማሽን አይቼ አላውቅም! ክረምት የለ፣ በጋ የለ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስልሳ ሁለት!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«ስለዚህ ጠባቂ አያስፈልገውም። ዋናው መሥሪያ ቤት ከአምስታችሁ አራቱን ሊያሰናብት ነው። የሚቀረው በዕድሜ ትንሹ ነው።»

የጋሽ ኩሽኔታ ደረት ተንፍሶ ቦታው ተመለሰ። ጡረታ ለመውጣት አራት ዓመት ይቀረዋል። በገዛ እጁ፣ በየሰዓቱ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የራሱን ማሰናበቻ ሲጽፍ ኖሯል።

ምሳ ላይ እንጀራውን ወደ ጎን ገፍቶ ሁሉንም ለሚስቱ ነገራት።

«እውነቱን ብትነግራትስ?» አለች ሚስቱ።

«ውሸታም ብለው ያባርሩኛል።»

«ዝም ብትልስ?»

«አታስፈልግም ብለው ያባርሩኛል።»

«እንግዲያው መባረርህ ካልቀረ ተናግረህ ተባረር! እኔም ቤት ውስጥ የሚያላምጥ ሰው ይኑረኝ።» ተነሥታ የልጆቹ የክትባት ካርድ ከሚቀመጥበት ካርቶን ውስጥ አሥራ አንዱን ደብዳቤ ከነመልሳቸው አወጣችለት።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤዎቹን ይዞ ኢንጂነሯን ወደ ማሽኑ ወሰዳት። መዳፉን አሳረፈ። «አንድ፣ ሁለት...» እጁን መነጨቀ። «ሰባ። ቢበዛ ሰባ አንድ።»

«ጌጁ ስልሳ ሁለት ይላል እኮ።»

«እሱ ልማዱ ነው።»

ኢንጂነሯ ከቦርሳዋ የራሷን ሙቀት መለኪያ አውጥታ አነጣጠረች። ሰባ አንድ። እጁን አየች፣ ጌጁን አየች፣ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አነበበች። ስድስተኛው ላይ ሳቋ አመለጣት፤ ዘጠነኛው ላይ ቁጭ አለች።

«ስለዚህ መዝገቡ በሙሉ ውሸት ነው?»

«መዝገቡ ውሸት ነው፤ ማሽኑ ግን እውነት ነው። ይኸው ይዞራል።»

«የማሽኑስ ሁኔታ እንዴት ነው?»

«ኩሽኔታው አልቋል። መቀየር አለበት። ደግሞ ሳያዩት አንድ ሳምንት አያድርም።»

ኢንጂነሯ ያየችውን ሁሉ ጽፋ ላከች። በማግስቱ ዋናው መሥሪያ ቤት መልስ ላከ፤ አምስቱም ይቆዩ፣ ኩሽኔታውና ጌጁ ይቀየሩ። ጋሽ ኩሽኔታ የምስራቹን ይዞ ቅዳሜ ጠዋት ፀጉር ቤት ገባ።

«አላልኩህም? የግል እኮ ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ቶንዶሱን እያንጫረረ። «አሁን በነገው ዕለት ቀይረው ቁጭ!»

«የት አባቱ! ደብዳቤው ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል። እኔ አውቀዋለሁ፤ ሦስት ወር ቢያንስ...»

ቶንዶሱ ድምፁን አጠፋ። መብራቱም አብሮት ሄደ። በመስተዋቱ ውስጥ ግራው የተላጨ፣ ቀኙ የጎፈረ ጋሽ ኩሽኔታ ይታያል። ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ኩሽኔታው ደረሰ!» አለች ኢንጂነሯ። «ማሽኑን አቁመናል፤ ሁለት ቀን ይፈጃል። ቶሎ ይምጡ፣ ያለ እርስዎ እጅ አንገጥመውም!»

ስልኩን ዘጋ። 

«ይኸው ቅልጥፍናህ!» አለ ጋሽ ኩሽኔታ፣ ቀኙን ጎፈሬ እየዳበሰ። «መንግሥት ቢሆን ሰኞ ይጠፋል ብሎ ማስታወቂያ ይለጥፍ ነበር።»

«ከዚያስ ሰኞ ያጠፋ ነበር?»

«ኧረ ምን ሲደረግ! እስከዚያማ ተላጭቼ እጨርስ ነበር።»

ፀጉር አስተካካዩ ከመሳቢያ መቀስ ፈልጎ ቀኙን ሊጀምርለት ሲል ጋሽ ኩሽኔታ ጨርቁን ከአንገቱ ፈታ። ኮፍያ ለምኖ አጠለቀና ወደ ወንዙ ገሰገሰ።