ቤት የቀረችው ኦብዱልያ

ኦብዱልያን የማታውቅ የከተማችን የሁቺታን ሴት ካለች፣ የበዓል ቀሚስ ለብሳ አታውቅም ማለት ነው። በጥቁር ከፋይ ላይ ቀይና ብርቱካንማ አበባ የምትጠልፈው እሷ ናት። አንድ ቀሚስ ስምንት ወር ይፈጅባታል፤ ስትጨርሰው ግን ንብ እንዳይመጣበት ትሰጋላችሁ። ቤቷና ቤቴ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። እኔ ኤውላልያ እባላለሁ፣ ገበያ ውስጥ ደረቅ ሽሪምፕ እሸጣለሁ፣ አፌም ወንፊት ነው። ይህንን ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ ራሴ ብነግራችሁ ይሻላል።

የክርስትና ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ስም ኦብዱልዮ ነው። ወንድ ተብላ ተወለደች፤ ስድስት ዓመት ሲሞላት የእህቷን ቀሚስ ከገመድ ላይ አንስታ ለበሰች፤ ከዚያ ወዲህ አላወለቀችውም። እንዲህ ያሉትን እኛ ሙሼ እንላቸዋለን። የከተማችን ጠባቂ ቅዱስ ቪሴንቴ ሙሼዎችን በከረጢት ተሸክሞ ለየከተማው አንድ አንድ እያደለ ሲዞር፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከረጢቱ ተቀደደበት ይባላል። ሌላው ከተማ አንድ ሲደርሰው እኛ የቀረውን በሙሉ አፈስን። የቤተ ክርስቲያኑን የወረቀት አበባ የሚሠሩት እነሱ፣ ሙሽራ የሚያስጌጡት እነሱ፣ የበዓሉን የበሬ ጋሪ በሙዝ ግንድና በአበባ የሚሸልሙት እነሱ ናቸው። በእናቶቻችን ዘመን ቬላ በምንለው የሰፈር ድግስ ላይ ከሴቶቹ ጋር ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። በኋላ በኅዳር ወር የራሳቸውን ቬላ ጀመሩ። መጀመሪያ በአንድ ግቢ ሃያ ሰው ነበርን፣ ሃያችንም ተፋፍረን። ዛሬ ከተማው በሙሉ ይጎርፋል፤ ቢራውን ተሸክሞ የማይመጣ ወንድ የለም። በድግሱ የተመረጠችው የመጀመሪያዋ ንግሥት በትከሻዋ ያጠለቀችው ሪባን የተጠለፈው በኦብዱልያ እጅ ነው። ያ ክፉ በሽታ በገባባቸው ዓመታት ደግሞ ለስምንት ጓደኞቿ የመቀበሪያ ልብስ የሰፋው ያው እጅ ነው። ያኔ ስታለቅስ አላየኋትም፤ መርፌዋ ግን አንድ ቀን አልቆመም።

አሁን አሁን ካሜራ ያነገቱ ሰዎች ይመጡና ከተማችሁ ለእነዚህ ሰዎች ገነት ነው አይደል ይሉናል። እኛም አዎ እንላለን። ማን ቤቱን ያማል? ያልነገርናቸው ነገር ይኸው ነው፦ ሴት ልጅ ታገባለች፣ ወንድ ልጅ ሚስቱን ተከትሎ ይሄዳል፣ ሙሼ ግን ቤት ትቀራለች። ቤቱም ለእሷ ነው፣ እናትየዋን መጦርም የእሷ ነው። ትንሿ ኦብዱልያ በቀሚስ ስትሮጥ እናቴ በግድግዳው ላይ ብቅ ብላ እናቷን፣ «እሰይ ቴኦፊላ፣ መጦሪያ አገኘሽ!» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅቷ ገና የወተት ጥርሷን አልነቀለችም።

እናቷን እኛ ልጆች ና ቴኦፊላ እንላቸው ነበር፤ ና የምንለው ለምናከብራቸው ሴቶች ነው። ሐሰት አልናገርም፣ ልጃቸውን ይወዱ ነበር። አባትየው ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ቀሚሱን ለማስወለቅ በመረብ ገመድ ይገርፋት ነበር። ታላቅ ወንድሟ ካንዲዶ ደግሞ ቀሚሷን ጉድጓድ ውስጥ ጣለው። ያን ቀን ና ቴኦፊላ በሩ ላይ ቆመው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይህችን ልጅ የነካ ከቤቴ ይውጣ» አሉ። ማንም አልነካትም። ኦብዱልያ ይህንን አንድ ቀን ረስታው አታውቅም፤ ማን ይረሳል? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ አባት ሞተ፣ አራቱም ወንድምና እህቶች አግብተው ወጡ፣ ኦብዱልያም ሠላሳ አራት ዓመት ሞላት። በዚያ ዓመት ሄሊዮዶሮ መጣ። አይብ በጭነት መኪና ወደ ሚናቲትላን ከተማ የሚያመላልስ፣ ፊቱን ፈንጣጣ የነካካው፣ ዓይን አፋር ሰው ነበር። ገበያ ውስጥ ስለ ሽሪምፕ ዋጋ ሊጠይቀኝ ቆሞ ዓይኑ አጠገቤ የተቀመጠችው ኦብዱልያ ላይ ነበር።

«አንተ፣ የምትገዛው ከእኔ ነው ከእሷ?» አልኩት።

«እ... ከሁለታችሁም» አለኝና ጆሮው ድረስ ቀላ።

ኦብዱልያ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ መጣ። ማንም ምንም አላለም። ሙሼ ወዳጅ ቢኖራት ነውር የለውም፤ ወዳጁ ይመጣል ይሄዳል፣ እሷ ግን ቦታዋ ላይ ናት። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህንን ነበር።

በሚያዝያ አንድ ማክሰኞ ገበያ መጣችና ከሽሪምፑ ክምር ጎን ቁጢጥ አለች።

«ኤውላ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ለማን እናገራለሁ?» አልኩ። አጠገቤ ያለችው አይብ ሻጭ ሳቀች።

«ሐሙስ በአራት ሰዓት ከሄሊዮዶሮ ጋር እሄዳለሁ። ሚናቲትላን ሁለት ክፍል ተከራይቷል። አንዱን መስፊያ ቤት አደርገዋለሁ።»

«ለስንት ቀን?»

«ለስንት ቀን ትለኛለች እንዴ! ለሁልጊዜ ነዋ።»

«ና ቴኦፊላስ?»

ክንዴን ያዘች። «እህቴ ሳሊና ክሩስ ናት፣ የአንድ ሰዓት መንገድ። እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ልጃቸው?» አለችኝ።

እኔ ግን እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ ያሰብኩት ስለ እናትየዋ አልነበረም። ልጄ ሮሴልያ በግንቦቱ ቬላ የሰፈራችን ንግሥት እንድትሆን ተመርጣለች። ቀሚሷ ኦብዱልያ ቤት መወጠሪያው ላይ ነው፤ የታችኛው ጠርዝ አበባ ገና አላለቀም። ሁለት ዓመት ለዚያ ቀሚስ ሽሪምፕ ስመዝን ወገቤ ተሰብሯል። ሚናቲትላን ምን ቸገረኝ!

አመሻሹ ላይ ወደ እነሱ ግቢ ገባሁ። ና ቴኦፊላ ለዶሮዎቻቸው በቆሎ እየበተኑ ነበር።

«እኔ የመጣሁት ስለ ሮሴልያ ቀሚስ ነው» አልኳቸው። «ኦብዱልያ ሐሙስ ከሄደች ማን ሊጨርሰው ነው?»

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ውይ፣ አልነገረችዎትም እንዴ?» አልኩ፣ እንዳልነገረቻቸው ልቤ እያወቀ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰውዬውን፣ መኪናውን፣ ሁለቱን ክፍል። እሳቸው አልጮሁም፣ አላለቀሱም። በእጃቸው የነበረውን በቆሎ በሙሉ በአንዴ መሬት ላይ ደፉት፣ ዶሮዎቹም ተሻሙበት።

«ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?» አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት ና ቴኦፊላ በገመድ ከተንጠለጠለው የመረብ አልጋቸው መነሳት አቃታቸው። እግሬ፣ እግሬን አሉ። ከወገቤ በታች የእኔ አይደለም አሉ። ሐኪም መጥቶ ጉልበታቸውን መታ መታ አደረገና ምንም አላገኘሁም ብሎ ሄደ። ሄሊዮዶሮ መኪናውን ማደያው አጠገብ አቁሞ ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቀ፤ በዚያ ሙቀት አይቡ ውሃ ማውጣት ጀመረ። በመጨረሻ ኦብዱልያ የሩዝ ከረጢት የምታክል ሻንጣዋን ቤት ትታ ባዶ እጇን ሄደች።

«እናቴ እስኪሻላቸው» አለችው።

እሱም እሺ አለ። ለሁለት ዓመት በየወሩ እየመጣ፣ «ተሻላቸው?» እያለ ጠየቀ። ከዚያ በየሦስት ወሩ ሆነ። ከዚያ አንድ ሌላ ሾፌር አይቡን ይዞ መጣ።

የሮሴልያ ቀሚስ ለግንቦት ደረሰ። ኦብዱልያ ከእናቷ አልጋ ሥር ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ እያራገበችላቸው በአንድ እጇ ጠለፈችው። ሰው ሁሉ ከዓመቱ ቀሚሶች ተወዳዳሪ የለውም አለ። እኔም በዚያ ሌሊት ቢራ ጠጥቼ ጨፈርኩ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ግን አላወጣውም።

በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ከገበያ ቶሎ ገባሁ። ግድግዳችን ላይ ስንጥቅ አለ። ኦብዱልያ ክር ልትገዛ ወጥታለች። በስንጥቁ ሳይ ና ቴኦፊላ ከመረብ አልጋቸው ወረዱ፣ በባዶ እግራቸው ግቢውን አቋርጠው ማንጎው ዛፍ ጋ ደረሱ፣ አንድ ማንጎ ቀጠፉ፣ ቆመው በሉት፣ አፋቸውን ጠረጉና ተመልሰው ተኙ። የከተማውን ሁሉ ጉድ ስዘከዝክ የኖርኩት ሴትዮ፣ ያን አንድ ነገር ዋጥኩት። ብናገር ማን ነገራቸው ይባላል? የማን ወሬ ነው እዚያ አልጋ ላይ የጣላቸው ይባላል? በሕይወቴ አፌን የዘጋሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ መክፈት የነበረብኝም ያኔ ነበር።

እንዲያ ሆኖ ሃያ ሰባት ዓመት ሄደ። ኦብዱልያ አጎረሰች፣ አጠበች፣ አገላበጠች፣ ጠለፈች። የእናቶች ቀን በመጣ ቁጥር ቄሱ ከመድረክ ስሟን ጠርቶ ያመሰግናታል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እሷም ብድግ ብላ እጅ ትነሳለች። ከስብከቱ ይልቅ ያ ጭብጨባ ያንገበግበኝ ነበር።

ና ቴኦፊላ ባለፈው ዓመት በዘጠና አንድ ዓመታቸው አረፉ። የዘጠኝ ቀኑ የሙታን ጸሎት ሲያልቅ ወንድምና እህቶቿ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። እኔም ሳህን የማጥብ መስዬ ነበርኩ።

ከሳሊና ክሩስ የመጣችው እህቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ቤቱ ያንቺ ነው፣ በዚህ ማንም አይከራከርም» አለች። «እና ደግሞ... ካንዲዶ።»

ካንዲዶ ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆኗል፤ ሚስቱ ጥላው ወደ ልጆቿ ሄዳለች።

«ካንዲዶ ምን?» አለች ኦብዱልያ።

«አልጋው ባዶ ነው አይደል?»

ካንዲዶ ራሱ ከወንበሩ ሆኖ በተጣመመ አፉ፣ «አንተ ደግሞ ሥራ የለህ!» አላት። ዛሬም አንተ ነው የሚላት። ኦብዱልያ አንዱን ከሌላው እያፈራረቀች አየቻቸው። እነሱ ግን ዝምታዋን እሺ ብለው ተቀበሉት፣ ሳይመሽም ካንዲዶን እዚያው ትተው ሁሉም በአንድ አውቶቡስ ሄዱ።

በማግስቱ አንሶላ ስታጥብ ሄድኩባት። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ ይመስላል፣ ለጥልፍ ግን አሁንም ዓይን አላት። አንሶላውን በሁለት በኩል ይዘን ስንጠመዝዝ ፈነዳሁ።

«ኦብዱልያ፣ ያኔ ለእናትሽ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

«ጠምዝዢ እንጂ፣ ውሃው ይውጣ።»

«ሰማሽኝ? ሐሙስ እንደምትሄጂ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ደግሞ... እግራቸው ደህና ነበር። ሲሄዱ አይቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሁለቱንም። እግራቸውን በየቀኑ የማጥበው እኔ ነኝ ኤውላ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው መርገጫው አፈር ይይዛል እንዴ?»

አንሶላው ከእጄ ወደቀ። እሷ አንስታ እንደገና ውሃው ውስጥ ነከረችው።

«ታዲያ ለምን አልሄድሽም? ምን ሆነሽ ነው?» አልኩና ጮህኩባት። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ የተቆጣሁት እኔ ነኝ።

«ለምን ላንቺ የነገርኩሽ ይመስልሻል? ገበያ ሙሉ ሰው እያለ?» አለች። «አፍሽን አውቀዋለሁ። እሳቸው እንዲሰሙ ነው የነገርኩሽ። ራሴ ፊታቸው ቆሜ ልሂድ ማለት አልቻልኩም፤ በዚያ በር ላይ የቆሙልኝ ሰው ናቸው። ከሰው ሲሰሙ ጠርተውኝ፣ ‹ሂጂ ልጄ› ይሉኛል ብዬ ነው። ያንን ቃል ብቻ ነበር የፈለግሁት። ሃያ ሰባት ዓመት እግራቸውን ሳጥብ፣ ዛሬ ይሉኛል ነገ ይሉኛል እያልኩ ጠበቅኩ።»

አንሶላውን ከውሃው አውጥታ ብቻዋን ጨመቀችው።

«እሳቸው አላሉኝም» አለች። «እህቶቼም አላሉኝም። ቄሱም አላለኝም። አንቺም፣ በዚያ ስንጥቅ ሃያ ሰባት ዓመት ስታዪኝ፣ አንድ ቀን አላልሽኝም።»

«እንግዲህ አሁን እልሻለሁ! ሂጂ! እኔ ካንዲዶን አየዋለሁ፣ ሂጂ!» አልኳት፣ እንባዬ እየወረደ።

ሳቀች። ክፋት የሌለበት፣ የደከመ ሳቅ ነበር። «ወዴት ኤውላ?»

ሄሊዮዶሮ በሕይወት ይኑር አይኑር እንኳ አላውቅም። ከቤቱ ውስጥ ካንዲዶ፣ «አንተ! ውሃ!» ብሎ ተጣራ። ኦብዱልያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ኩባያውን ሞላችና ይዛለት ገባች።