በሙሉ ድምፅ አልነበረም

ስብሰባ እወድ ነበር። ይህን ስል የዘመኔ ሰዎች ይስቁብኛል፤ በደርግ ጊዜ ስብሰባ የሚወድ ሰው ወይ ካድሬ ነው ወይ ጤና የለውም ይሉኛል። እኔ ግን እውነቴን ነው።

ያደግኩት ኦቾሎ ነው፤ አባያ ሐይቅን ቁልቁል የሚያየው ተራራ ላይ። እዚያ የአገር ጉዳይ የሚመከረው ዱቡሻ በሚባል አደባባይ ነው። ወንዶቹ በየድንጋያቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም የልቡን ሳይናገር፣ የተኳረፈውም ሳይታረቅ አይነሱም። ዛሬ የተማሩ ሰዎች ስለ ዱቡሻ ሲያወሩ አድናቆታቸው ማለቂያ የለውም። እኔ ዱቡሻን የማውቀው ከአጥር ወዲህ ሆኜ፣ ከእናቴ ጋር ጥጥ እየፈተልኩ ነው። የእነሱ ድምፅ ይሰማናል፤ የእኛን ግን የጠየቀ አልነበረም። ስለዚህ አብዮቱ መጥቶ «ሴትም ትናገር፣ ሴትም እጇን ታውጣ» ሲል ማንም ሳያስገድደኝ አጨበጨብኩ። እናቴ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ ስሟን በከሰል ግድግዳ ላይ ስትጽፍ አይቻለሁ። ለዚህ ለዚህ ያን መንግሥት ዛሬም አመሰግነዋለሁ፤ ይህን ስል የሚቆጣ ይቆጣ።

ያልወደድኩትንም አልደብቅም። «ጓድ» የሚሉት አጠራር አይጥመኝም ነበር። በእኛ አገር ሰው ወይ አባት ነው፣ ወይ ወንድም፣ ወይ አማች። ጓድ ግን ማንም አይደለም፤ ጠዋት ጓድ ብሎ የጠራህ ሰው ከሰዓት በኋላ መጥቶ ቢያስርህ ነውር የለበትም። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ገና ፊታችንን ሳንታጠብ መፈክር ይለቅብናል። ለሳሙና ተሰልፈን ስንቆም የሊቀ መንበሩ ሚስት በጓሮ በር ስትገባ እናያለን፤ እኩልነት ማለት ይህ ከሆነ ድሮም ነበረን። ከሁሉ የከፋብኝ ደግሞ ጸሎት ቤታችንን መዝጋታቸው ነው። ልጅ ሆኜ የዘመርኩበትን ቤት ወርሰው፣ ከበሩ በላይ የነበረውን ጥቅስ በቀይ ቀለም ደልዘው የቀበሌ አዳራሽ አደረጉት። አግዳሚ ወንበሮቹ እንኳ አልተቀየሩም።

እኔም የዚያው አዳራሽ ጸሐፊ ሆንኩ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ፤ እጄ ፈጣን ስለሆነ ቀበሌው ቃለ ጉባኤ እንድይዝ መረጠኝ። ጠረጴዛዬ የተቀመጠው ድሮ ወንጌላዊው ቆሞ የሚሰብክበት ቦታ ላይ ነበር።

ነገሩ የሆነው በሰባዎቹ መጀመሪያ ነው። ከቤቴ ሦስት በር አለፍ ብሎ ከስልጤ አገር የመጡ፣ ሸምገል ያሉ ነጋዴ ነበሩ። ጨው፣ ክብሪት፣ ላምባ ይሸጣሉ። ከደጋ ለገበያ የሚወርደው ሰው ጨው የሚገዛው ከእሳቸው ነው፤ አክስቴም ከኦቾሎ በወረደች ቁጥር ሌላ ሱቅ አትረግጥም። ሱቃቸው መንገድ ዳር ነው፣ ሰፊ በረንዳም አለው። የቀበሌው ሱቅ ደግሞ ጥግ ውስጥ ያለ፣ አንድ ሰው ሲገባ ሌላው የሚወጣበት ጠባብ ክፍል ነበር። ሊቀ መንበሩ ያን በረንዳ ሲያይ ዓይኑ እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ጠዋት ታጣቂዎች የነጋዴውን ጓዳ ፈትሸው ጥቂት ማዳበሪያ ጨው አገኙ። «ጨው ደብቆ ሕዝብ ሊያስርብ» ተባለ። ሽማግሌውን ወስደው የቀበሌው ዕቃ ቤት ውስጥ ቆለፉባቸው፤ ከሰዓት በኋላ እኛ ለስብሰባ ተጠራን።

ሊቀ መንበሩ ቀድሞ የሹፌር ረዳት የነበረ፣ ንግግር የሚያምርለት ሰው ነበር። ከአውራጃው የመጣ ተወካይ ከፊት ተቀምጦ ስለሚያዳምጥ የዚያን ዕለት ይበልጥ አማረለት። ስለ ኢምፔሪያሊዝም ጀምሮ በጨው ጨረሰ።

«የዚህ አሻጥረኛ ሱቅ ለሰፊው ሕዝብ ይሁን፣ እሱም ለአውራጃው ይተላለፍ የምትሉ እጅ አውጡ!»

ሁሉም አወጣ። ልጇ በታመመች ጊዜ ነጋዴው ሐኪም ቤት ያደረሱላት ጎረቤቴ አወጣች። ወንጌላዊያችንም፣ ያን ጊዜ የመጋዘን ዘበኛ ሆኖ ነበር፣ መሬት መሬት እያየ አወጣ። አልፈርድበትም ብዬ ስንት ዓመት ሞከርኩ። አልቻልኩም።

ሊቀ መንበሩ «የሚቃወም?» አለና መልሱን ሳይጠብቅ ወደ እኔ ዞረ። «በሙሉ ድምፅ ብለሽ ጻፊ።»

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ እጄን አወጣሁ።

«ምንድን ነው? ቀለም አለቀብሽ?» አለኝ።

«የለም። እቃወማለሁ።»

ሊቀ መንበሩ ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ አለ። «አንቺ ጸሐፊ ነሽ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሥራሽ መጻፍ ነው።»

«የቀበሌው ነዋሪም ነኝ። ሴትም እጇን ታውጣ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ይኸው፣ አወጣሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አምልጦት ወዲያው ዋጠው። የአውራጃው ተወካይ ዞር ብሎ አየኝና «ምክንያትሽን ተናገሪ» አለ። ተነስቼ ቆምኩ።

«ጨዉ የተቀመጠው ለገበያ ቀን ነው። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ከእሳቸው ያልገዛ የለም። ደግሞስ ሰውዬው የት አሉ? እኔ ባደግኩበት አገር ተከሳሹ ሳይናገር አይፈረድበትም። እዚህ ግን ራሳቸውን ዕቃ ቤት ቆልፈን ሱቃቸውን እንከፋፈላለን።»

«ከጨዉ የደረሰሽ አለ ማለት ነው» አለ ሊቀ መንበሩ።

ሰው ሳቀ። የሳቁት ከመጠን በላይ ነው፤ ፈርተው እንደሆነ ያስታውቃል። እኔ እስክሪብቶዬን አንስቼ ጻፍኩ፦ «ከአንዲት ነዋሪ ተቃውሞ በስተቀር በድምፅ ብልጫ ተወሰነ።»

በማግስቱ ቃለ ጉባኤውን በጽሕፈት መኪና ጽፌ ለሊቀ መንበሩ ሳመጣለት አንብቦ ቀደደው። «አስተካክለሽ አምጪ» አለኝ። ያንኑ ጽፌ አመጣሁ። እንደገና ቀደደ። ሦስተኛውን ሳስረክበው አልቀደደም፤ የአውራጃው ሰው እጄን በዓይኑ አይቷልና መደበቅ አልቻለም። ማኅተሙን ረግጦ ወረቀቱን ላከ፣ እኔን ደግሞ ለታጣቂ ሰጠኝ።

አሥራ አንድ ቀን ታሰርኩ። የታሰርኩባት ክፍል ከነጋዴው ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ትዋሰናለች፤ ሳላቸው ይሰማኛል። መነጋገር ግን ክልክል ነበር።

በአራተኛው ቀን አባቴ ከኦቾሎ በእግሩ ወርዶ መጣ። በቆጮ ቂጣ የተሞላ ጨርቅ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። በጋሞኛ ሊያናግረኝ ሲጀምር ታጣቂው «በአማርኛ!» ብሎ ጮኸ። የአባቴ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ገበያ ላይ የተማረው ነው።

«ልጄ፣ አንተ ለምን እንዲህ አደረግህ?»

«ትክክል ስላልነበረ ነው፣ አባቴ።»

ቂጣውን በበሩ ሽንቁር አቀበለኝ። ቁጣ ነበር የጠበቅኩት።

«እኔ ብሆን አወጣ ነበር» አለ። «ከሰው ጋር እጅ አወጣ ነበር። እፈራለሁ። አሁንም ፈርቼ ነው የመጣሁት።» ቀጥሎም «ሽማግሌዎቹ ጠየቁኝ» አለ። «ዱቡሻ ላይ። ልጅህ ምን አለ አሉኝ።»

«ምን ብለህ መለስክ?»

«ያልከውን ነገርኳቸው። ደግመህ ንገረን አሉ። ደገምኩ።»

ታጣቂው በቃ ብሎ አባረረው። ያን ቂጣ እያለቀስኩ ነው የበላሁት፤ ግን የሐዘን ለቅሶ አልነበረም።

ስፈታ ጸሐፊነቴ ተነጥቆ ቆየኝ፤ መሥሪያ ቤቴም «ለሥራው ቅልጥፍና» በሚል ደብዳቤ ሩቅ ወደምትገኘው ካምባ ከተማ አዛወረኝ። ቅጣት መሆኑን ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገኝም። ካምባ ብርድ ነበረ፣ የጽሕፈት መኪናዋም «መ»ን አትመታም ነበር። ቢሆንም ጎንበስ ብዬ አልሄድኩም። የሠራሁት ሥራ አንድ ሰው አድኗል ብዬ አምን ነበርና።

በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ሸራ ላይ ጨው ዘርግተው የተቀመጡ ሽማግሌ አየሁ። እሳቸው ናቸው። ከስተዋል። ሮጬ ሄጄ እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። እንኳን አላህ አወጣዎት።»

«መቼ እንዳወጣኝ ታውቂያለሽ?» አሉ። «በዚያ ሰሞን ሱቅ የተወረሰብን ብዙ ነበርን። በሙሉ ድምፅ የተባለባቸው በሁለት ሳምንት ፈርመው፣ ተመክረው ወጡ። የእኔ ፋይል ላይ ግን ተቃውሞ አለ ተባለ። ጉዳዩ ይጣራ ተባለ። ሲጣራ ሰባት ወር ተቀመጥኩ። ሱቄን አላገኘሁ፣ ጤናዬንም እዚያው ጥዬ ወጣሁ። ዝም ብትዪ ይሻለኝ ነበር ልጄ።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ዛሬ ቢሆንስ ዝም ትያለሽ?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ሽማግሌ ማስደሰት ኃጢአት አይሆንብኝም። ግን አልወጣልኝም። «አልልም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ለእኔ ብለሽ አልነበረም» አሉና ወደሚቀጥለው ገዢ ዞሩ።

ያ ቃል ብዙ ቀን እህል አስጠላኝ። ካሰብኩት በኋላ ግን ተቀበልኩት። እውነታቸውን ነው። ለእሳቸው ብቻ ብዬ አልነበረም። ተናገሪ ተብዬ፣ ልናገር ስል አፌን ሊይዙኝ ስለመጡ ነው። በማላምንበት ነገር ላይ «ሁሉም» የሚል ቃል እኔን ጨምሮ እንዲጻፍ ስላልፈለግኩ ነው። በእሳቸው ላይ ለደረሰው ዛሬም አዝናለሁ፤ ሰባት ወር ያሰራቸው ግን የእኔ እጅ አይደለም። አሳሪው ሌላ ሆኖ ሳለ ጥፋቱን የተናገረ ሰው እንዲሸከመው ማድረግ የዚያ ዘመን ዋና ተንኮል ነበር፤ ሽማግሌውም እኔም በዚያ ተንኮል ውስጥ ወድቀናል። ካምባ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ጨው የገዛሁት ከእሳቸው ነው። ሰላምታ እንለዋወጣለን። አላመሰገኑኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ወደ አርባ ምንጭ ተመለስኩ። መንግሥት ተለውጦ አዳራሹ ለምእመናን ሲመለስ ቀዩን ቀለም ስንፍቅ ዋልን። በዚያ ስብሰባ እጃቸውን ያወጡ ሰዎች አንድ በአንድ ወደ እኔ እየመጡ «ያን ጊዜ በልባችን ካንቺ ጋር ነበርን» ይሉኝ ጀመር። ጎረቤቴም እንዲሁ አለችኝ፣ ወንጌላዊውም እንዲሁ አለኝ።

«ልባችሁን ቃለ ጉባኤ ላይ መጻፍ አልችልም ነበር» አልኳቸው። «የማየው እጃችሁን ብቻ ነበር።»

አንዳንዶቹ ተቀየሙኝ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን የሚያዞሩ አሉ። ይቀየሙ።