የባርባዶሷ አስተናጋጅ

ባለፈው ዊንተር የቶሮንቶ ብርድ ሲመረን ከጓደኞቼ ከሄለንና ከሰናይት ጋር ለእረፍት ባርባዶስ ሄድን። ስንዋኝ ውለን፣ አመሻሹ ላይ ባሕሩ ዳር ካለች ምግብ ቤት ገብተን የተጠበሰ ዓሣ አዘዝን።

አስተናጋጇ ዓይኗን ከእኔ ላይ መንቀል አቃታት። ውኃ ስትቀዳ ታየኛለች፣ ሳህን ስታነሳም ታየኛለች። ምግቡ አልዋጥ አለኝ።

«ምን አድርገሻት ነው?» አለችኝ ሄለን በአማርኛ።

«እኔ እንጃ! አይቻትም አላውቅ።»

በመጨረሻ ሴትዮዋ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ይቅርታ፣ ቶሮንቶ ውስጥ አረጋውያን መጦሪያ ትሠሪ ነበር?»

«አሁንም እዚያው ነኝ፣ ዌስተን ሰፈር። እንዴት አወቅሽ?»

«እናቴ በኮቪድ ጊዜ እዚያ ነበረች። በረራ ቆሞ ልደርስላት አልቻልኩም። በቪዲዮ ስደውል አንዲት ሠራተኛ ስልኩን ከፊቷ ፊት ለፊት ይዛልኝ፣ እስክታርፍ ድረስ ‹አይዞሽ፣ ልጅሽ እያየችሽ ነው› ትላት ነበር።»

ደነገጥኩ። ያኔ ለስንቱ ቤተሰብ ስልክ እንደያዝኩ እኔም አላስታውሰው።

«ግን እኮ ፊታችን በማስክ ተሸፍኖ ነበር» አልኳት።

«ፊትሽንማ አንድም ቀን አላየሁትም» አለች እንባዋ እየወረደ። «ዓሣውን ስታዢ ድምፅሽን ሰማሁት።»