ሳይበሉ የሚጠግቡ

«እሳትስ ያለዝባል የጠናውን ብረት፣
የሰው ልብ ሲጠና...»

ከዚያ ወዲያ ያለው ይጠፋባታል። አባቷ ወናፉን እየነፉ ሲያንጎራጉሩት የሰማችው ስንኝ ነው፤ ጭራውን የመዶሻው ድምፅ እየዋጠው እሷ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ስለዚህ «እምም፣ እምም» እያለች በዜማው ብቻ ትሞላዋለች፤ ዛሬም በዩኒቨርሲቲው ኮሪደር ወደ ስብሰባው ስትሄድ እንዲሁ።

የቀጥቃጭ ልጅ ናትና በግቢው «ወናፍ» ይሏታል። ለስድብ የወጣ ስም ነበር፤ እሷ ግን በተጠራች ቁጥር «አቤት!» እያለች እሾሁን ነቀለችለት።

አንድ ነገር ግን አልለመደችም። በመመገቢያ አዳራሹ ለአራት ተማሪ አንድ ትሪ ይቀርባል። እሷ እጇን ስትሰድ ሦስቱ «ጠገብኩ» ብለው ይነሣሉ። አይሰድቧት፣ አይገፏት፤ ይጠግባሉ። ሰው ጠገበ ተብሎ አይከሰስ ነገር! እሷም ድርሻዋን በሳህን ይዛ መስኮት ሥር ቆማ መብላት ያዘች። አንዲት ነገረኛ የመኝታ ክፍሏ ልጅ ብቻ፣ «እኔ ወገቤን ያመኛል፣ መቀመጥ አልወድም» እያለች አብራት ትቆማለች።

ዛሬ የተማሪዎች መተዳደሪያ ደንብ ይጸድቃል። አድልዎን የሚከለክለው አንቀጽ ሃይማኖት ይላል፣ ጾታ ይላል፣ ቋንቋ ይላል። ወናፍ የተማሪ ተወካይ ናትና «የወላጅ ሙያ» የሚል ይጨመር አለች። ካልተጨመረ ከኋላዋ የሚመጡት የባለእጅ ልጆች ያንኑ መስኮት ይወርሳሉ።

ስብሰባውን የሚመሩት ዲን መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እዚህ ግቢ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ለሌለ በሽታ መድኃኒት አንገዛም።»

«እንግዲያው ዶክተር፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ምሳ አብረውኝ ይብሉ።»

«በደስታ!»

ሩዝና ባቄላው እንፋሎቱን እያትጎለጎለ ቀረበ። ዲኑ፣ ጸሐፊያቸው፣ ነገረኛዋና ወናፍ ትሪውን ከበቡ። ወናፍ እጇን ሰደደች። የዲኑም እጅ ተዘርግቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጉልበታቸው ተመለሰ።

«እኔስ... ጠገብኩ» አሉ።

አንድ ፍሬ ሩዝ አልቀመሱም።

«ውይ ዶክተር!» አለች ነገረኛዋ፣ አዳራሹ እስኪሰማ። «የሌለው በሽታ ያዘዎት እንዴ?»

ሳቁ ጣሪያ ሊያነሣ ደረሰ። ዲኑ ግን አልሳቁም። እጃቸውን የባዕድ እጅ ይመስል ገልበጥ አድርገው አዩት።

«እኔ አላዘዝኩትም» አሉ በለሆሳስ። «ከልጅነት የለመደው ነው። አፌ ዋሸ፤ እጄ እውነቱን ተናገረ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«ይቅርታውን ደንቡ ላይ ይጻፉልኝ» አለች። ዓይኗ አልተሰበረም። «እስኪጻፍ አልበላም።»

ወደ ስብሰባው ተመለሱ። ድምፅ ሲጠየቅ ከሁሉ ቀድሞ የተነሣው ያ እጅ ነበር። ቀጥሎ የጸሐፊዋ፣ ቀጥሎ የሌላው፤ ክፍሉ የእጅ ደን ሆነ። አንድ አዛውንት መምህር ብቻ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ቀሩ። ይሁን፤ ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ መመገቢያ አዳራሽ ደርሷል። ስትገባ ጭብጨባው እንደ ዝናብ ወረደባት። ከትሪ ተጋሪዎቿ ሁልጊዜ ቀድማ የምትጠግበው ልጅ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችላት።

«ነይ እንጂ! አንቺን ስንጠብቅ በረሃብ አለቅን።»

«ዛሬ አልጠገብሽም?»

«ተይኝ እባክሽ! እስከ ዛሬ በባዶ ሆዴ ስጠግብ ኖሬ ከስቻለሁ።»

ወናፍ እንባዋን በክንዷ ጠረገች፣ ተቀመጠች፣ እጇንም ከሦስቱ እጆች ጋር ሰደደች። ምግቡ ቀዝቅዟል፤ ጨውም አንሶታል። እስኪበቃት በላች።