የመንትያዬ ምርቃና እና የእኔ ሽቶ

አስራ አንደኛ ክፍል ሳለን እኔና መንትያ ወንድሜ ከእናታችን ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም እንኖር ነበር። እሱ ሲወጣ የሚጠይቀው የለም። እኔ ግን ዳቦ ልገዛ ስወርድ እንኳ ጎረቤቱ ሁሉ «ወዴት ነሽ?» ይለኛል።

አንድ ቅዳሜ ጀለሶቹ ሰንጋ ተራ፣ አንዱ ልጅ ቤት ጫት ይዘው ጠሩት። አልቅምም ሲላቸው «ሴት ነህ እንዴ?» አሉት። ይቺ በቃችው፤ ቃመ።

በዚያው ቀን ሜክሲኮ የምትኖር የክፍሌ ልጅ፣ ወላጆቿ ለቅሶ ሄደውላት፣ ሺሻ አቀጣጥላ እኔንና ሌሎች ሴት ጓደኞቿን ጠበቀችን። እኔን ማንም አልሰደበኝም። እንዲያውም አቅፋኝ፣ «ለእኔ ስትይ፣ አንዴ ብቻ። እምቢ ካልሽማ አትወጂንም ማለት ነው» አለችኝ። ሳብኩ። እንባዬ እስኪወርድ ሳልኩ። ከዚያ መስኮቱን ከፋፍተን፣ ማስቲካ አኝከን፣ የእናቷን ሽቶ ተረጫጨንና ለማንም ላንናገር ተማማልን። ወንዶች ቢሆኑ ኖሮ እስከ ማታ ሰፈሩን ሁሉ ባዳረሱት ነበር።

ቤት ስገባ ወንድሜ ሰሃን ያጥባል! ብርጭቆ እንኳ አንስቶ የማያውቅ ልጅ ምድጃውን ፈትጎ፣ የቅመም ዕቃዎቹን በቁመታቸው ደርድሮ፣ ስለሚከፍተው ድርጅት ያለማቋረጥ ያወራል። እናታችን «ልጄ ዛሬ ልብ ገዛ፣ እደግ!» እያለች ትመርቀዋለች። እሱ መርቅኖ፣ እሷ መርቃው።

እኔን ግን ገና ከበሩ ያዘችኝ።

«ነይ እስቲ ወዲህ። ይሄ ሁሉ ሽቶ ለማን ነው?»

«የጓደኛዬ ነው።»

«ከሽቶው ሥር ሌላ ነገር ይሸተኛል።»

ወንድሜ ሊያድነኝ አረፋ ከእጁ እየተንጠባጠበ ብቅ አለ። «እማዬ፣ ሺሻ እንዳይመስልሽ! ሺሻ እኮ ሽታው ሌላ ነው። አፕሉ ጣፈጥ ይላል፣ ሚንቱ አፍንጫ ይከፍታል፣ ወይኑ ደግሞ...»

በዓይኔ ለመንኩት፤ ማቆም አልቻለም። እናቴ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«አፍህን ክፈት።»

ጥርሱ መሃል አረንጓዴ ነበር።

በማግስቱ አክስታችን መጥታ ሁሉን ሰማች። «እሱ ወንድ ነው፣ ይተወዋል። ሴቷን ያዣት» አለች። እኔም የምያዘው እኔ ብቻ መሆኔን ጠብቄ አቀረቀርኩ። እናቴ ግን «የወንድ ጨጓራ ከብረት ነው እንዴ የተሠራው?» ብላ ሁለታችንንም ከትምህርት ቤት በቀር ደጅ እንዳንረግጥ አደረገች። ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ተቀጣን። ቅጣት እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከቤት ስንውል ካርታ እየተጫወትን ብዙ አወራን። ያን ቀን ቅጠሉ አንገሽግሾት ሽንት ቤት ገብቶ ማስመለሱን ነገረኝ።

«ታዲያ ለምን ተመልሰህ ቃምክ?»

«ሁሉም ይስቁ ነበራ። አንቺስ?»

«እኔማ ታቅፌ ነው!»

እንዲህ ስቀን አናውቅም።